ጉበቱ የታመመ ሁሉ ጠጪ አይደለም
(በባሕር ዳር፣ ፋሲሎ፣ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችን አንዲት እናት ጠላ እንኳ ቀምሰው አያውቁም። ሐኪም በአልትራሳውንድ መርምሮ ጉበታቸው ላይ ስብ እንዳለ ነገራቸው። ወዲያው «በስውር ይጠጣሉ» የሚል ሐሜት ተነሣ። እኔም ሰምቼ ዝም አልሁ። እርሳቸው ግን ሦስት እሑድ ከጉባኤ ቀሩ። ስማቸውን ሳልጠራ እንድናገር ፈቅደውልኛል።

ጉበት ከሰውነት ፍላጎት የተረፈውን ስኳር ወደ ስብ ይለውጣል። ስቡ ሲከማች ጉበት ይታመማል። መጠጥ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሆኖም የስኳር በሽታ፣ ውፍረት፣ ጣፋጭ ማብዛትና ተቀምጦ መዋልም ያመጡታል። በዘር የሚጋለጥም አለ።

በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። የመጀመሪያውን ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን በትል ላይ አግኝተው በ1986 ዓ.ም. አስታወቁ፤ በ2017 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የጨራጨራ ግድብ በሮች ከጣና ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውኃ እንደሚመጥኑ፣ እነዚህም ለሴል የሚተላለፈውን የሥራ ትእዛዝ ይመጥናሉ። በጉበት ውስጥ እጅግ የሚበዛው ቁጥር 122 የተሰጠው ነው። ተመራማሪዎች ይህን ከአይጦች ጉበት ባጠፉ ጊዜ ጉበታቸው ስብ ሞላው፤ ኋላም ጠባሳና ካንሰር ወጣበት። አይጦቹ አረቄ አልቀመሱም!

በ2015 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት የዚህን ሕመም ስም ለወጡ። አንዱ ምክንያት የቀድሞው ስም ሕመምተኛውን ስለሚያሸማቅቅ ነበር። ሐኪሞች ለስም ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ እኛ ለወንድማችን ክብር እንዴት አብልጠን አንጠነቀቅም?

እንግዲህ ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ አበው «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» እንዳሉት ምላሳችንን እንግታ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያም፣ የጉበት ቫይረስም ጉበትን ይጎዳሉ፤ መንስኤውን የሚለየው ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም። ሁለተኛ፣ ለስላሳና ስኳር እንቀንስ፤ ለአጭር መንገድ ባጃጅ ትተን በእግር እንሂድ። ወፍራም ሰው ከክብደቱ ከመቶ ከ7 እስከ 10 እጅ ቢቀንስ ጉበቱ ይሻለዋል፤ 80 ኪሎ ለሚመዝን ከ6 እስከ 8 ኪሎ ያህል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ዛሬ ከዚህ ስንወጣ ወደ እኒያ እናት ቤት ሄደን ይቅርታ እንጠይቅ። አስቀድሜ የምጠይቅ እኔ ነኝ።

እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።