ኮሜዲ ምንድን ነው? የምንስቀውስ በማን ነው?

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ኮሜዲ ነው። ርእሱን የሰማ ሁሉ አስቀድሞ ፈገግ ማለቱን አይቻለሁ። ነገር ግን ስለ ወጥ የሚናገር ሁሉ ወጥ ይዞ እንደማይመጣ እናንተም ታውቃላችሁና፥ ከእኔ ሳቅ ሳይሆን ስለ ሳቅ ጥቂት አሳብ ጠብቁ። የውጭ አገር ታሪክ ስጠቅስ በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ የአገራችንን ስጠቅስ በራሳችን አቈጣጠር እናገራለሁ።

ኮሜዲ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ነው። ሥሩ «ኮሞስ» ሲሆን፥ ይኸውም በበዓል ቀን እየጠጡና እየዘፈኑ በየመንገዱ የሚዞሩ ሰዎች ጭፈራ ማለት ነው። ስለዚህ ኮሜዲ ሲወለድ በቤተ መንግሥት ሳይሆን በአደባባይ፥ በሕዝብ መካከል ነው የተወለደው። አሪስጣጣሊስ ስለ ቅኔና ቴአትር በጻፈው መጽሐፍ ኮሜዲ ከመካከለኛው ሰው ዝቅ ያሉትን ሰዎች አስመስሎ የሚያሳይ ነው ይላል። ቀጥሎም የሚያስቀው ነገር ጉድለት ወይም መልከ ጥፉነት ሆኖ ሕመምና ጉዳት የማያስከትል መሆን አለበት ሲል ወሰን ያበጅለታል። ይህን ወሰን በአእምሮአችሁ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ ነገሩ ከስሙ ይጀምራል። ዋዛ፥ ቀልድ፥ ቧልት፥ ፌዝ፥ ሽሙጥ፥ ስላቅ እንላለን። እነዚህ ሁሉ ያስቃሉ፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። ቀልድ ቀላጁንም ተቀላጁንም ሊያስቅ ይችላል። በፌዝና በስላቅ ግን የሚስቀው አንዱ ወገን ብቻ ነው። ስለ ኮሜዲ ዓይነቶች የሚያስተምር መጽሐፍ ባይኖረን እንኳ፥ ቋንቋችን ራሱ ሳቅን በዓይነት በዓይነቱ ለይቶ አስቀምጦልናል ማለት ነው።

በቴአትርና በሲኒማ የታወቁትን ዓይነቶች በአራት ከፍዬ ላቅርብ።

የመጀመሪያው የአካል ኮሜዲ ነው። መውደቅ፥ መጋጨት፥ መማታት፥ መሸሽ የሚበዛበት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በኢጣሊያ የተነሣው «ኮሜዲያ ዴላርቴ» የተባለው የዘዋሪ ተዋንያን ጨዋታ ብዙውን ጊዜ ይህን ይጠቀም ነበር። ተዋንያኑ ጭምብል አጥልቀው፥ የታሪኩን መንገድ ብቻ ተነግሯቸው ንግግሩን መድረክ ላይ ይፈጥሩት ነበር። ስስታሙ ሽማግሌ ፓንታሎኔ፥ አዋቂ ነኝ ባዩ ዶክተር፥ ብልጡና ሆዳሙ አሽከር አርሌኪኖ የታወቁ ገጸ ባሕርያት ነበሩ። ይህን ጥበብ በሲኒማ ከፍ ካለ ደረጃ ያደረሰው ቻርሊ ቻፕሊን ነው። በ1925 በወጣው «የወርቅ ፍለጋ» በተባለው ፊልም ቻፕሊን በረዶ በከበባት ጎጆ ውስጥ በረኃብ ተይዞ የገዛ ጫማውን ቀቅሎ እንደ ባለጸጋ እራት በጨዋነት ይበላዋል። ተመልካቹ ይስቃል። ነገር ግን የሚስቀው በሰውየው አይደለም፤ ረኃብ ሊነጥቀው ያልቻለውን ክብር አይቶ ነው። ቻፕሊን በልጅነቱ በለንደን የድኾች መጠጊያ ቤት ውስጥ የኖረ ስለ ሆነ፥ ረኃብን በወሬ አላወቀውም።

ሁለተኛው የሁኔታ ኮሜዲ ነው። ሰዎቹ እንደ ማንኛውም ሰው ናቸው፤ የሚያስቀው የገቡበት ውዥንብር ነው። ሮማዊው ፕላውተስ ስለ ሁለት መንትዮች ድራማ ጻፈ፤ ሼክስፒር ከእርሱ ወስዶ መንትዮቹን አሽከሮች ጨምሮ አራት አደረጋቸው። ሚስት ባልዋን አታውቅም፥ ጌታ አሽከሩን አያውቅም፤ ተመልካቹ ብቻ ሁሉን ያውቃል። የዚህ ሳቅ ምንጭ እኛ እያወቅን እነርሱ አለማወቃቸው ነው።

ሦስተኛው የጠባይና የኑሮ ልማድ ኮሜዲ ነው። የዚህ ጌታ ፈረንሳዊው ሞሊየር ነው። ስስትን፥ ግብዝነትን፥ ያለ ዕውቀት ሐኪም ነኝ ማለትን መድረክ ላይ አወጣ። ሃይማኖተኛ መስሎ የሰው ቤት የሚዘርፈውን ሰው ያሳየበት «ታርቱፍ» በ1664 በንጉሡ ፊት ከታየ በኋላ ለሕዝብ እንዳይታይ ተከለከለ፤ የተፈቀደውም በ1669 ነው። ሞሊየር በ1673 በሽተኛ ሳይሆን በሽተኛ ነኝ የሚል ሰው ሆኖ ሲጫወት፥ ራሱ ግን በእውነት ታሞ ነበርና በዚያው ሌሊት ሞተ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ታርቱፍን»ና «የፌዝ ዶክተርን» ወደ አማርኛ ስለ መለሰልን፥ ሞሊየር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከራሳችን ደራስያን ደግሞ መንግሥቱ ለማ በዚህ ዓይነት ኮሜዲ ስሙ የታወቀ ነው። «ያላቻ ጋብቻ» በውጭ አገር የተማረውን የባላባት ልጅ ከቤት ሠራተኛው ጋር ያጋባና የዘመዶቹን የዘር ኩራት ያስቅበታል። «ጠልፎ በኪሴ» ደግሞ የተማሩትን ወጣቶች ከጠለፋ ልማድ ጋር ያጋጫል። ልብ በሉ፤ በሁለቱም ድራማዎች የሚሳቅበት የባላገሩ አለመማር ብቻ አይደለም። የተማርነው እኛም ሳቁ ይደርሰናል።

አራተኛው የሽሙጥና የትችት ኮሜዲ ነው። ሥልጣንንና መጥፎ አስተዳደርን ይነካል። የአገራችን የዘመናዊ ቴአትር ታሪክ የሚጀምረው በዚህ ነው። በሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድራማ ጻፉ። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ የሚነገረው ግን ስለ ሰዎች አስተዳደር ነበር። ሰሙ አውሬ፥ ወርቁ ሹም ማለት ነው። ወርቁን የተረዱት ሰዎች ስላልወደዱት፥ ድራማው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን (1909–1922 ዓ.ም.) ታገደ። በኋላ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኒሁ ሰው ናቸው። እንግዲህ የመጀመሪያው ድራማችን ኮሜዲ ነበር፤ የመጀመሪያው የታገደ ድራማችንም ኮሜዲ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እመጣለሁ። ከእነዚህ ታሪኮች ኮሜዲ ሁልጊዜ ደካማውን ወግኖ ኀይለኛውን የሚወጋ ይመስለን ይሆናል። እንዲህ አይደለም። በ423 ከክርስቶስ ልደት በፊት አሪስቶፋኒስ የተባለው የአቴና ደራሲ «ደመናዎች» በተባለው ድራማው ሶቅራጥስን በቅርጫት ተንጠልጥሎ ሰማይ ሰማይ የሚያይ አታላይ መምህር አድርጎ አሳየው። አቴናውያን ሳቁ። ከ24 ዓመት በኋላ ሶቅራጥስ ወጣቶችን ታበላሻለህ ተብሎ ተከሶ ሞት ሲፈረድበት፥ ፕላቶን እንደ ጻፈልን፥ ይህን በኮሜዲ የተሣለ ምስል ከቀድሞ ከሳሾቹ ወገን ቈጥሮ ጠቅሶታል። ድራማው ገደለው አልልም። ነገር ግን ሕዝብ አስቀድሞ የሳቀበትን ሰው በኋላ ለመፍረድ አይከብደውም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ራሳችን መድረክ ለመናገር ነው። በተማሪዎች የጨዋታ ምሽቶች ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚያስቀው ምንድን ነው? አንዱ ጋቢ ለብሶ፥ ዱላ ይዞ ይወጣና አማርኛን በሌላ ብሔረሰብ አነጋገር ይሰብራል፤ አዳራሹ በሳቅ ይናወጣል። ሌላው የቤት ሠራተኛ ሆኖ ይወጣል፥ ሌላው ተንተባታቢ ሆኖ ይወጣል፤ አሁንም ሳቅ ነው። ከዚያው አዳራሽ ውስጥ ግን አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረ፥ አባቱ ጋቢ ለብሶ ዱላ ይዞ ከአውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኘው ተማሪ ተቀምጧል። እርሱም ከሌሎች ጋር ይስቃል፤ ባይስቅ ይታወቅበታላ! በሚቀጥለው ሳምንት በክፍል ውስጥ እጁን አንሥቶ ለመናገር ሁለት ጊዜ ያስባል። አሪስጣጣሊስ ሕመም የማያስከትል ያለው ወሰን የሚጣሰው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ኮሜዲ ይቅር እያልሁ ነውን? ፈጽሞ አይደለም። ሳቅ የሌለበት ኅብረት ሹማምንቱን ፈርቶ፥ ራሱንም አክብዶ የሚኖር ኅብረት ይሆናል። እኔ የምለው መለኪያ ይኑረን ነው። መለኪያውም ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛ፥ የሚሳቅበት ነገር ሰውየው ሊተወው የሚችለው ጉድለት ነውን? ስስት፥ ግብዝነት፥ ጉቦ፥ የባዶ ዕውቀት ኩራት ሊተዉ ይችላሉ። የትውልድ ቋንቋ፥ የአካል ጉድለት፥ ድኽነት ግን ሰው በፈቃዱ የሚተዋቸው አይደሉም። ሁለተኛ፥ የተሣቀበት ሰው በአዳራሹ ውስጥ ቢኖር መልስ ሊሰጥ ይችላልን? ሹሙ ይችላል፤ እኛም የተማርነው እንችላለን። የቤት ሠራተኛዋ ግን አዳራሹ ውስጥ እንኳ የለችም።

ይህ መለኪያ ታላላቆቹንም አስቸግሯል። ቻፕሊን በ1940 «ታላቁ አምባገነን» በተባለው ፊልሙ ሂትለርን የዓለም መሣቂያ አደረገው። ሆኖም በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፥ በጀርመን የማጎሪያ ሰፈሮች የሚፈጸመውን ግፍ በእርግጥ ዐውቄ ቢሆን ኖሮ ያን ፊልም ለመሥራት አልችልም ነበር የሚል አሳብ ገልጿል። በዓለም ካሉ አሳቂዎች ሁሉ የበለጠው ሰው ሳቅ የማይደርስበት ቦታ እንዳለ ከተናገረ፥ እኛም የራሳችንን ቀልድ አንድ ጊዜ ብንመረምር አያሳፍረንም።

ስለዚህ ለድራማ ክበባችን አባሎች አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ለሚቀጥለው የጨዋታ ምሽት ከባላገሩ ላይ ዐይናችሁን አንሡና ወደ ራሳችን ተመልከቱ። መጽሐፉን ሳያነብ ስሙን የሚጠራው ተማሪ አለ፤ ማስታወሻውን ለዓመታት ሳይለውጥ የሚያነበው መምህር አለ፤ በስብሰባ ላይ ስለ ሕዝብ ተናግሮ ሲወጣ ዘበኛውን ሰላም የማይለው ተናጋሪ አለ። የዛሬው ተናጋሪ ጭምር ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ቢገባ ቅር አይለውም። በእነዚህ ስትስቁ አዳራሹ ቢናወጥ፥ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ያ ተማሪ በሙሉ ልቡ ይስቃል።

 ለጥያቄና ለክርክር ዝግጁ ነኝ።