ኦቾሎኒን መሸሽ ልጆቹን አላዳነም

ዛሬ ከፖለቲካው ወጣ ብለን ስለ ምግብ አለርጂ እንነጋገር።

እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በዘሩ አለርጂ ያለበት ልጅ እስከ 3 ዓመቱ ኦቾሎኒ እንዳይቀምስ መከረ። በ2008 አሳማኝ ማስረጃ የለም ብሎ ምክሩን ራሱ አነሳው። በዚያው ዓመት የለንደኑ ፕሮፌሰር ጌዲዮን ላክና ባልደረቦቻቸው አንድ ነገር አሳዩ፦ በብሪታንያ በሚያድጉ አይሁዳውያን ልጆች ላይ የኦቾሎኒ አለርጂ በእስራኤል ካሉት 10 እጥፍ ይበልጣል። የእስራኤል ሕፃናት ኦቾሎኒን ገና በጨቅላነታቸው ይበላሉ።

ከዚያ 640 ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናትን ለሁለት ከፍለው ግማሹን አበሉ፣ ግማሹን ከለከሉ። ውጤቱ በ2015 ወጣ። 5 ዓመት ሲሞላቸው ከተከለከሉት 17 በመቶ፣ ከበሉት 3 በመቶ ገደማ አለርጂ ያዛቸው። በ2017 የአሜሪካ መመሪያ ተገለበጠ፤ ቶሎ አስጀምሩ ሆነ።

ወላጆች ሆይ፣ የድሮውን ምክር ይዛችሁ አትቅሩ። ነገር ግን ከባድ የቆዳ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበትን ሕፃን አስቀድሞ ሐኪም ይየው። ፍሬው እንዳለ አይሰጥም፣ ያንቃል። አለርጂው ቀድሞ በያዘው ልጅ ላይ ደግሞ ቤት ውስጥ አይሞከርም።

መመሪያ ከባለሥልጣን ስለመጣ ብቻ አይታመንም፤ ማስረጃው የት አለ ብሎ መጠየቅ በሕክምናም በፖለቲካም ያው ነው።