ስምንት ሰዓት
(የማኅበራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር፤ ላልተገኙ ነዋሪዎች በሰሌዳ የወጣ)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መዋጮ አይደለም፤ አትሥጉ። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. ስላጠፋነው ጥፋት ነው።

ከመካከላችን የአንዲት እናት ልጅ፣ ጋራዥ ውስጥ ያደገ፣ ባሕር ዳር ለውኃ ፓምፕ ሠራተኛነት አመልክቶ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ጥሪው በእንግሊዝኛ ነበርና ወረቀቱን ይዞ ወደ እኛ መጣ። እኛም ከስድስተኛ ክፍል ባናልፍም ቁጥር አያቅተንም ብለን መነጽራችንን አድርገን አነበብን። «ኖቬምበር 20» የሚለውን በጣት ቆጥረን ኅዳር 11 አልነው፤ ልክ ነበርን። ቀጥሎ «8:00» ይላል። ስምንት ሰዓት አልነው። ቀኑን ወደ እኛ መልሰን ሰዓቱን ሳንመልስ ቀረን! የፈረንጅ ስምንት እኮ የኛ የጠዋቱ ሁለት ነው።

ከሣጥናችን መሳፈሪያ አወጣን፤ እናቱም ዳቦ ቆሎ ቋጠሩለት። ልጁ በዕለቱ ማለዳ ተሳፍሮ፣ በወረታና በሐሙሲት አድርጎ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ገባ። ገና አምስት ሰዓት አለኝ ብሎ ጫማውን አስጠርጎ ጣና ዳር ተቀመጠ። ቢሮውን እንኳ ከውጭ አይቶት ነበር፤ ያለሰዓቱ ገብቶ ማስቸገር ነውር መሰለው። የሚቆጨን ይህ ነው፤ በዚያን ጊዜ ገና እየጠየቁ ነበሩና ቢያንኳኳ ምናልባት ያስገቡት ነበር።

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲል ገባ። ጠያቂዎቹ ወረቀታቸውን ሰብስበዋል። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ግን ከደብረ ታቦር መምጣቱን ሲሰሙ አዝነው፣ እዚያው በር ላይ «ፓምፑ እየሠራ ውኃ ባይመጣ መጀመሪያ ምን ታያለህ?» አሉት።

«ጉድጓዱ ውኃ እንዳለው አያለሁ፤ ከዚያ ቱቦው አየር እንዳያስገባ» አላቸው።

ሰውየው ሣቁ። «ጠዋት የመጡት ሁሉ ሞተሩን እፈታለሁ ነው ያሉት» አሉና ወዲያው ዝም አሉ። ቦታው አንድ ነው፤ ለሌላ ሰው ተፈርሟል።

በማግስቱ፣ ኅዳር 12፣ ቆሻሻ ሰብስበን ሰፈሩን ስናጥን መጥቶ ጭሱ ውስጥ ቆሞ ነገረን። አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ቢቆጣን ይሻለን ነበር።

ነገሩ በኛ አልተጀመረም። እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩት ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው፣ መልሱ እጃቸው የገባው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ተቆጥተው ቆንስሉን አስረውት ነበር። ኋላ የጠየቋቸው የእጅ ባለሙያዎችም ምጽዋ ድረስ መጥተው፣ እስረኞቹ አልተፈቱም ተብሎ ደጋውን ሳይወጡ ተመለሱ። የኛ መዘግየት ስድስት ሰዓት ብቻ ነበር፤ ለአንድ ልጅ ግን በቃው።

ልጁ አሁን ወረታ ሩዝ መፈልፈያ ላይ ይሠራል፤ እናቱን የሚያያቸው በወር አንድ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ከአሁን ወዲያ የጥሪ ወረቀት የደረሰው ሁሉ ይዞ ይምጣ። መነጽራችንን ከማድረጋችን በፊት ወደ ጠሪው ደውለን «ጠዋት ነው ከሰዓት በኋላ?» ብለን እንጠይቃለን። የስልኩን ሒሳብ ማኅበሩ ይከፍላል።