ወለል ላይ ተቀምጠን የተማርነው መዝሙር

(በትምህርት ቤታችን የአምስተኛ ዓመት በዓል ቀን በመዘምራን ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን ስለ ትምህርት ቤታችን አንዳች ነገር እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ መዘምራኑ ተሰብስበን ብዙ ተከራከርን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስለ አዲሱ ሕንፃ ይነገር አሉ፤ ሌሎቹም ስለ ፈተናው ውጤት ይነገር አሉ። ሕንፃው ግን በዓይናችሁ ፊት ቆሞአል፤ ውጤቱንም ርእሰ መምህራችን ከእኛ ይልቅ አሳምረው ይነግሩአችኋል። ስለዚህ ማታ ከደወሉ በኋላ በመካከላችን የሆነውን፥ እኛ ብቻ የምናውቀውን ነገር ለመናገር ቈረጥን። በነገሩ ውስጥ የሚያሳፍረን አለበት፤ ወላጆቻችን እስከ መጨረሻው ድረስ በትዕግሥት እንዲሰሙን እንለምናለን።

በመጀመሪያው ዓመት ወደዚህ ግቢ ስንገባ አንዳችን ሌላችንን አናውቅም ነበር። ከወላይታ የመጣ አለ፤ ከነቀምቴ የመጣ አለ፤ ከጉራጌ አገር፥ ከጎንደር፥ ከአዲስ አበባም የመጣ አለ። አንዱ በመካነ ኢየሱስ፥ አንዱ በቃለ ሕይወት፥ አንዱም በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ነው። አልጋው አዲስ፥ ብርድ ልብሱ አዲስ፥ ደወሉም አዲስ ነበረ። ሁሉ ነገር አዲስ በሆነበት ቤት ሰው አሮጌውን ይናፍቃል፤ እናቱ ጧት ቡና ስትወቅጥ የሚሰማውን ድምፅ እንኳ ይናፍቃል። ማታ መብራት ሲጠፋ እያንዳንዳችን ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዙረን እንተኛ ነበር። እንተኛ ነበር ስንል ዓይናችንን እንጨፍን ነበር ማለታችን ነው።

የመዝሙር መምህራችን መዘምራንን ባቋቋሙ ጊዜ ወረቀት አደሉን። በወረቀቱም ላይ ለሶፕራኖ፥ ለአልቶ፥ ለቴኖርና ለባስ በአራት ድምፅ የተጻፈ የውጭ አገር መዝሙር ነበረ። ከእኛ ብዙዎቹ ኖታ የሚባለውን ነገር ያየነው ያን ቀን ነው። ፒያኖው በስጦታ የመጣ አሮጌ ነው፤ ሦስቱ ድምፆቹ ጨርሶ አይሰሙም፤ ስለዚህ ዜማው በሦስት ስፍራ እየዘለለ ይሄድ ነበር። (ወላጆች ይህን የዘማሪዎቹ ጥፋት አድርጋችሁ ቈጥራችሁት ከሆነ ዛሬ ፍርዱን አስተካክሉልን።) ያም ሆኖ እጅግ ደስ ይለን ነበር፤ ቀስ በቀስም ሰው ሰውን በስሙ መጥራት ጀመረ።

አንድ ቅዳሜ ቀን ግን ከወላይታ የመጣው ጓደኛችን በልብስ ማጠቢያው አጠገብ ሸሚዙን እያጠበ በእናቱ ቋንቋ መዘመር ጀመረ። መዝሙሩ በገጠር ቤተ ክርስቲያናቸው የሚዘመር ነው፤ አንዱ ይመራል፥ ሕዝቡ ይቀበላል። እርሱም ተቀባይ ስለሌለው መሪውንም ተቀባዩንም ብቻውን ሆነ። እኛም ቆመን ሳቅን። አንዱ ከእኛ ድምፁን አስመስሎ ደገመው፤ ሌላው በባልዲ ላይ ከበሮ መታ፤ በዚያ በኩል ያለፉት እኅቶቻችንም ሳቁ። እርሱ ሸሚዙን ሳይጨርስ ጨምቆ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በመዘምራን መካከል ይቆማል፥ አፉንም ይከፍታል፥ ድምፅ ግን አያወጣም። አጠገቡ የቆምነው እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን አንዳችንም አንዳች አልተናገርንም። ማታ ማታ አባታችን ሆይ ስንደግም ስለ ይቅርታ የሚለው ቃል ላይ ስንደርስ ድምፃችን ያንስ ነበር፤ ያም ሆኖ እስከ አሜን ድረስ ደግመን እንተኛለን። በሁለተኛው ተርም መጀመሪያ ላይ የአልጋ ጎረቤቱ አንድ ወሬ አመጣልን። ልጁ ሻንጣውን አስሮ ወደ አገሩ ሊመለስና ትምህርቱን እዚያው ሊቀጥል ቈርጦአል አለን።

በዚያው ሳምንት የመዝሙር መምህራችን ወረቀት ሳያድሉን አንድ ታሪክ ነገሩን። ስለ ልጁ ነገር ምን ያህል ሰምተው እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አልነገሩንም።

ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ዓመቶቹን የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 አልቆ ባርነት በተሻረ ጊዜ፥ በጃንዋሪ 9 ቀን 1866 በቴኔሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ አንድ አዲስ ክርስቲያናዊ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስሙም ፊስክ ተባለ። የተከፈተው የጦር ሠራዊት ሆስፒታል በነበሩ ቤቶች ውስጥ ነው፤ ተማሪዎቹም ከባርነት የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ከሰባት ዓመት ሕፃን እስከ ሰባ ዓመት ሽማግሌ ድረስ ነበሩባቸው። የፊደል መጽሐፍ መግዣ ባጡ ጊዜ በከተማው ባሪያ ይሸጥበት በነበረው ስፍራ የቀሩትን የዛጉ ሰንሰለቶች እንደ ቍርጥራጭ ብረት ሸጡ፤ በዋጋውም መጽሐፍ ገዙ። ይህን ስንሰማ በክፍሉ ውስጥ የሳለ ሰው እንኳ አልነበረም።

ከተማሪዎቹ አንዲቱ ኤላ ሼፐርድ ትባላለች። በ1851 በባርነት ተወለደች፤ አባቷ ሠርቶ በከፈለው ገንዘብ ነፃ አወጣት፤ እናቷ ግን በባርነት ቀረች። በሲንሲናቲ ከተማ ፒያኖ ያስተማረቻት ነጭ መምህርት ነገሩን በምሥጢር እንድትይዝና ማታ በጓሮ በር እንድትገባ አዝዛት ነበር። በ1868 ስድስት ዶላር ይዛ ወደ ፊስክ መጣች። ሣጥኗ እጅግ ትንሽ ስለ ነበረ ወንዶቹ ተማሪዎች ይሥቁባት ነበር። በጓደኛ መሳለቅ በእኛ አልተጀመረም ማለት ነው፤ ይህ ግን ማመካኛ ይሆነናል ብለን አይደለም።

የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ጆርጅ ዋይት የሚባል ሰው ነበረ፤ በትርፍ ጊዜው መዝሙር ያስተምራል። ተማሪዎቹ በአደባባይ የሚዘምሩት የነጮቹን የኮንሰርት ዜማ ነበር። ወላጆቻቸው በእርሻና በጸሎት ስፍራ የሚዘምሩትን መዝሙር ግን በሰው ፊት አያወጡትም። ምክንያቱን ኤላ ሼፐርድ ራሷ በኋላ ጽፋዋለች፤ መዝሙሮቹ የባርነትን ዘመን ያስታውሱአቸዋል፥ ሊረሱትም የሚወድዱት ነገር ነበረ። ደግሞም ለወላጆቻቸው የተቀደሱ ስለ ሆኑ ለጆሮ ደስታ ብቻ ሊያቀርቡአቸው ፈሩ። በመጨረሻ በዋይት ቤት ተሰብስበው፥ ወንበሩ ጥቂት ስለ ሆነ ወለል ላይ ተቀምጠው፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ አንዱ የአባቶቹን መዝሙር ለሌላው ያስተምር ጀመር።

የቀረውን በአጭሩ እንናገራለን፤ በመጽሐፍ የሚገኝ ነውና። ትምህርት ቤቱ በዕዳ ሊዘጋ በተቃረበ ጊዜ በኦክቶበር 6 ቀን 1871 ዘጠኝ ዘማሪዎች ከዋይት ጋር ገንዘብ ለመለመን ወጡ። ታናሺቱ ሚኒ ቴት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ሆቴሎች አናሳድርም እያሉ መለሱአቸው። ኦሃዮ ግዛት ሳሉ የቺካጎ ከተማ በእሳት መቃጠሏን ሰሙ፤ ለራሳቸው ለብርድ የሚበቃ ልብስ የሌላቸው ልጆች ያገኙትን ሃምሳ ዶላር የማይሞላ ገንዘብ ለተጐዱት ሰጡ። በኮሎምበስ ከተማ ካደረጉት ጸሎት በኋላ ዋይት የኢዮቤልዩ ዘማሪዎች ብሎ ሰየማቸው፤ ኢዮቤልዩ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 የተጻፈው የነፃነት ዓመት ነው። ሕዝቡ ዝም ብሎ ያዳመጣቸው የነጮቹን ዜማ ሲዘምሩ ሳይሆን የወላጆቻቸውን ሲያሰሙ ነበር። በ1873 በእንግሊዝ አገር በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ። በሰበሰቡትም ገንዘብ የተሠራው የኢዮቤልዩ አዳራሽ በ1876 ተመረቀ፤ ዛሬም በስፍራው አለ። ፊስክም ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ያስተምራል፤ በየዓመቱ ኦክቶበር 6 ቀን እነዚያን ዘጠኙን ያስባል። በ1909 አራት የፊስክ ዘማሪዎች የቀዱትን ሸክላ መምህራችን በኮምፒዩተር አሰሙን። ድምፁ በጣም ይንጫጫል፤ ነገር ግን አንዱ ይመራል፥ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ይህን በሰማን ጊዜ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን፤ በልብስ ማጠቢያው አጠገብ የሰማነው ሥርዓት ነበርና።

ያን ማታ ከጥናት በኋላ ወደ ጓደኛችን ሄድን። ይቅርታ እንጠይቅሃለን ለማለት ማን ይጀምር እየተባባልን በበሩ ላይ ብዙ ቆየን፤ ኋላም ሁላችንም ባንድነት ስለ ተናገርን ነገሩ አልተሰማም። እርሱም «ምን አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ደግመን አልነው። ሻንጣው ከአልጋው ሥር ታስሮ ነበረ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለን፤ ሌላ ቃል ግን አልጨመረም። ሻንጣውንም የፈታው በማግሥቱ ነው።

በሳምንቱ በመዝሙር ክፍል ውስጥ ወንበር ገና ስላልመጣ ወለል ላይ ተቀመጥን፤ እርሱም ያንን መዝሙር መስመር በመስመር አስተማረን። ቃሉ ለአፋችን ጠንካራ ነበረ። የማይሰሙት ሦስቱ የፒያኖ ድምፆች በዚያ ዜማ ውስጥ አይገቡም፤ ስለዚህ ያ ፒያኖ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መዝሙር ያለ እንከን ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ተራ ገባ። የነቀምቴዋ እኅታችን በኦሮምኛ አስተማረችን፤ የጉራጌው ጓደኛችን ደግሞ አያቱ በመስቀል ዋዜማ የሚያሰሙትን አመጣ።

የጎንደሩ ልጅ ተራ ሲደርስ ግን ችግር ሆነ። እርሱ በልጅነቱ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደገ፥ ግዕዝ፥ ዕዝል፥ አራራይ የሚባሉትን የቅዱስ ያሬድን ዜማዎች በጆሮው ለይቶ የሚያውቅ ነው። «ይህ በሥርዓቱ፥ በጸሎቱ ሰዓት የሚባል ነው፤ ሰው በሚያጨበጭብበት አዳራሽ አላወጣውም» አለን። ከእኛ አንዳንዶቹ ኩራት መሰለን፤ ንቆናል ያለም ነበረ። ኋላ ግን የኤላ ሼፐርድን ቃል አስታወስን፤ እነዚያም ልጆች ለወላጆቻቸው የተቀደሰውን በሰው ፊት ለማውጣት የፈሩት ስለ ናቁ አልነበረም። ስለዚህ በዚያ ነገር ዳግመኛ አልጠየቅነውም። እርሱ ግን በራሱ ፈቃድ የገናን ጨዋታ ዘፈን አስተማረን፤ ዛሬም ከባሶቹ ጋር ቆሞ ታዩታላችሁ። በጾም ወራት የእርሱ ምግብ እስኪቀርብ ድረስ ማዕዱን ሳንጀምር መጠበቅ የተለመደው ያን ጊዜ ነው፤ ያዘዘን ሰው የለም።

ስለ እምነት ብዙ አንናገርም፤ ከእኛ ይልቅ የሚያውቁ አባቶች በመካከላችን አሉ። ይህን ብቻ እንላለን፤ ወደዚህ ስንመጣ ጸሎት የደወል ነገር ነበረ፤ ደወል ሲደወል እንጀምራለን፥ ሲደወል እንጨርሳለን። ያን ማታ በጓደኛችን በር ላይ ከቆምን ወዲህ አባታችን ሆይ ስንደግም ያ ቃል ላይ ስንደርስ ድምፃችን አያንስም። ሻንጣው ተፈትቶ ባይሆን ኖሮ እንዴት እንደግመው እንደ ነበረ አናውቅም።

አሁን ንግግራችንን እንጨርስ፤ መምህራችን ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ ተመልክተዋል። ከዚህ ቀጥሎ የምትሰሙት መዝሙር በወላይትኛ ነው። የሚመራው እርሱ ነው፥ የምንቀበለው እኛ ነን። ቃሉን አጥንተነዋል፤ ነገር ግን ጥርት አድርገን አንለውም፤ ከወላይታ የመጣችሁ ወላጆች ስንሳሳት ብትስቁብን የሚገባን ነው። እናቱም ሌሊቱን በመኪና ተጉዘው መጥተው በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። እማማ፥ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሁልጊዜ እንሰናከላለንና እዚያ ስንደርስ ከተቀመጡበት ሆነው ያግዙን።