ከሲሲኤንኤ በኋላ ያለው ምርጫ



ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ተሰባስበው ዛሬ ምስክር ወረቀታቸውን የሚቀበሉት ወጣቶች ያለፉት ፈተና ሲሲኤንኤ ይባላል። ይህ ፈተና ሲስኮ የተባለው የኔትወርክ ዕቃ አምራች እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረውና ኮምፒውተሮችን አገናኝቶ መረጃ የማመላለስን ሙያ መሠረት የሚመዝን ሲሆን፣ ከ2020 ወዲህ በየዘርፉ ተከፋፍለው የነበሩት ፈተናዎች ተጠቃለው በ120 ደቂቃ ይሰጣል። ምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ለሦስት ዓመት ብቻ በመሆኑ፣ «ቀጥሎስ የትኛው?» የሚለው ጥያቄ ከምረቃው ዕለት ጀምሮ ተገቢ ነው።

የተለመደው መልስ ሲሲኤንፒ፣ ማለትም የዚያው ኩባንያ ቀጣይ እርከን ነው። እርከኑ አንድ ዋና ፈተናና አንድ የልዩ ዘርፍ ፈተና የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከሁለቱ አንዱን ማለፍ ሲሲኤንኤውንም ስለሚያድስ መንገዱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ምርጫው መነሣት ያለበት ከስሙ ዝና ሳይሆን ተመራቂው ነገ በእጁ ከሚነካው ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የያኔው የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ከቻይናው የኔትወርክ ዕቃ አምራች ከዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈራርሟል፤ በ2013 ደግሞ ተተኪው ኢትዮ ቴሌኮም የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ሥራ ለሌላው የቻይና አምራች ለሁዋዌና ለዜድቲኢ አከፋፍሏል። ስለዚህ በባንኮችና በዩኒቨርሲቲዎች ሲስኮ የተለመደ ቢሆንም፣ ቴሌ ለመግባት የሚያስብ ወጣት ኤችሲአይኤ የተባለውን የሁዋዌን የመጀመሪያ እርከን ቢጨምር ወደ ኋላ እንደ መመለስ አይቆጠርበትም፤ የትእዛዞቹ አጻጻፍ ይለያል እንጂ የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም የየኮምፒውተሩ መለያ ቁጥር፣ አከፋፈል ስሌቱ ያው ነውና።

የዋጋም ነገር አለ። የሲሲኤንኤ ፈተና 300፣ የሲሲኤንፒው ዋና ፈተና 400 ዶላር መሆኑ፣ ብር ከዶላር አንጻር ካሽቆለቆለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ለአንድ የሱሉልታ ቤተሰብ ቀላል ሸክም አይደለም፤ በመሆኑም ወዲያው ለሁለተኛ ፈተና ከመክፈል ይልቅ ከሦስቱ ዓመታት የመጀመሪያውን በሥራ ላይ ማሳለፍ ይሻላል።

ሥራው ፈተናው የማያስተምረውን ያስተምራል። ለምሳሌ፣ ስዊች በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኝ ሳጥን ነው። ባለሙያው የሒሳብ ክፍሉንና የእንግዶቹን ዋይፋይ በየራሳቸው ቪላን፣ ማለትም በዚያው ሳጥን ላይ ተለያይተው በሚሠሩ መረቦች፣ ከለየ በኋላ ሴቭ ሳያደርግ ቢሄድ፣ ቅንብሩ ያለው ራም በተባለው ጊዜያዊ ማኅደር ብቻ ስለሆነ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስዊቹ የሚነሣው የቀድሞውን ቅንብር ይዞ ነው። ይህ በፈተና ወረቀት ላይ የአንድ ጥያቄ ጉዳይ ነው፤ በሰበታ ፋብሪካ ግን የደመወዝ ክፍያ የሚስተጓጎልበት ቀን ሊሆን ይችላል።

የሳይበር ደኅንነትን የሚመርጡም ይኖራሉ፤ ዘርፉ ማራኪ ነው፣ ምናልባትም ከሚገባው በላይ። የኔትወርክን አሠራር ሳያውቁ ጥበቃውን መማር የማይገፋ በመሆኑ የዛሬዎቹ ተመራቂዎች በትክክለኛው በር ገብተዋል። ከማንኛውም የውጭ ፈተና በፊት ግን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ማንበብ ይጠቅማቸዋል፤ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛ የወጣ ስለሆነ ዶላርም አይጠይቅም።