ለደቦ መጠራት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ሁለት ነገር የበዛበትን አገር አቋርጦ ያልፋል፤ አንደኛው ጤፍ፣ ሁለተኛው የቅኔ ትምህርት ነው። ከብቸና የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ በሊቃውንቱ የታወቀ ደብር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሣ ዳምጤን ያኖሩት በዚሁ በዲማ ነበር። ካሣ የዘመኑን ልማድ ስለ ነቀፈ አገሩ «ጉዱ ካሣ» አለው፤ እንደ እብድም ቆጠረው። አንባቢ ግን መጽሐፉን ሲዘጋ አስተሳሰቡ የቀና ማን እንደ ነበረ ያውቃል። ካሣ ሕመምተኛ አልነበረም፤ የእሱ ታሪክ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነገር ስለሚያስረዳ ነው፤ ይኸውም «እብድ» የሚለው ቃል የሕመም ስም ከመሆኑ በፊት የፍርድ ስም መሆኑ ነው። ቃሉ አንድ ጊዜ ከተለጠፈ ሰውየው እውነት ቢናገርም አድማጭ አያገኝም።

በእውነት ለታመመው ሰው ደግሞ ፍርዱ ከሕመሙ ጋር ተደርቦ ይመጣበታል። በምሥራቅ ጎጃም እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ ለሕመሙ ብዙ ምክንያት ይሰጠዋል፤ ለክፎት ነው፣ ዛር ነው፣ መተት ነው፣ ቡዳ ነው ይባላል። የአብነት ተማሪ ከሆነም አብሾ ጠጥቶ ነው ይባላል። አብሾ የሚዘጋጅበት ዕፅ አእምሮን ለጊዜው እንደሚያውክ እርግጥ ነው። ነገር ግን ጽኑው የአእምሮ ሕመም በአብዛኛው የሚጀምረው በጉርምስናና በወጣትነት ዕድሜ ነው፤ ያ ዕድሜ ደግሞ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ ቤት የሚወጣበት ነው። ስለዚህ ሕመሙና ትምህርቱ በአንድ ወቅት ስለ ተገናኙ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ተደርጎ ይቆጠራል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «በዘራቸው አለ» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል የታመመውን ብቻ ሳይሆን ያልታመመችውን እኅቱንም ይነካል፤ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ዘር ይቆጥራልና። ሕመሙ በዘር በኩል የሚተላለፍ ዝንባሌ እንዳለው ሕክምናው አይክድም። ሆኖም አባት ወይም እናት ስኪዞፍሬኒያ ከተባለው ጽኑ ሕመም ቢኖርባቸው እንኳ ከአሥር ልጆች ዘጠኝ ያህሉ በዚሁ ሕመም አይያዙም። ይህን ቁጥር አንድ ሽማግሌ ቢያውቀው አንዲት ልጃገረድ ከፍርድ ትድናለች።

በቡታጅራ አካባቢ በጽኑ የአእምሮ ሕመም የተያዙ ሰዎችን ቤተ ዘመዶች ጠይቆ በ1993 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ከመቶው 75ቱ ኅብረተሰቡ እንደሚያገላቸው እንደሚሰማቸው አሳይቷል። ከመቶው 37ቱ ደግሞ የዘመዳቸውን ሕመም ሊደብቁ ይፈልጉ ነበር። የሚደበቅ ሕመም ሳይታከም ይቆያል፤ ሳይታከም የቆየ ሕመም ይጸናል፤ የጸናው ሕመም ደግሞ ፍርዱን እውነት ያስመስለዋል። ክፉው ዙር ይህ ነው።

ለምሳሌ ያህል በብቸናና በሞጣ መካከል ባለ አንድ መንደር የሚኖር ወጣት ይታሰብ። እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል፤ ለሌላው የማይሰማ ድምፅ ይሰማል፤ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ገደል ይሄዳል። አባቱ ከምሰሶው ጋር ያስሩታል። ይህን የሚያደርጉት በጭካኔ አይደለም፤ እንዳይሞትባቸው ፈርተው ነው። ነገር ግን ገመዱ ከእጅና ከእግር አልፎ መብትንም ያስራል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 342 እንደሚደነግገው፣ ነዋሪዋ ከ2000 በታች በሆነች የገጠር ቀበሌ ቤተሰቡ የሚጠብቀውና መዘዋወሩን የከለከለው ሰው እብደቱ በግልጽ የታወቀ ሆኖ ይቆጠራል፤ በዚያን ጊዜ የፈጸመው ውል ሊፈርስ ይችላል። እንግዲህ በፍቅር የታሰረ ገመድ በሕግ ፊት ምስክር ሆኖ ይቆማል ማለት ነው። ሕጉ ራሱ የወጣው ታማሚውን ከአታላይ ለመጠበቅ ነበር፤ ነገር ግን ሰውየው ድኖ መሬቱን ሊያከራይ ሲነሣ የቀድሞው ስም ይከተለዋል።

ታዲያ መውጫው ምንድን ነው? ለረዥም ዘመን በአገሪቱ የነበረው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የአዲስ አበባው አማኑኤል ብቻ ነበር። በ1979 ዓ.ም. የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ከተጀመረ ወዲህ አገልግሎቱ ወደ ክፍላተ ሀገር ወረደ፤ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳርም አገኙት። በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ደግሞ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሚሰጡት ክትትል በአእምሮ ሕክምና ነርስ ከሚሰጠው እንደማያንስ አረጋግጧል። የወር መርፌ ወይም የዕለት ክኒን ብዙውን ሰው ወደ ሥራው ይመልሳል። እርግጥ መድኃኒቱ ያደክማል፤ የምግብ ፍላጎትንም ይጨምራል። በክረምት ጎተራው በጎደለበት ቤት «መድኃኒቱ አስራበኝ» ብሎ ያቋረጠ ታማሚ እልከኛ ሊባል አይገባውም።

መድኃኒትና ጸበልም ባላንጣዎች አይደሉም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል፤ ያው ምክር ለአእምሮ ሕሙማንም ይሠራል። የንስሐ አባት «ክኒንህን ዋጥ» ያለው ሰው ክኒኑን ይውጣል።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ አስቸኳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል፣ ጎጃምም ጭምር፣ የጦርነት ሥቃይ ደርሶበታል። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት ጦርነት በነካቸው አገሮች ከአምስት ሰዎች አንዱ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ያሳያል። በዚህ ቁጥር ፊት «የእነ እገሌ ዘር» የሚለው አነጋገር ቦታ የለውም።

የመዳን ምልክቱ የት ይታያል? ሐኪም በመዝገቡ ላይ «ተሽሎታል» ብሎ መጻፉ ግማሽ መንገድ ነው። ሌላው ግማሽ የሚፈጸመው ጤፍ አጨዳ ሲደርስ ጎረቤቱ «ነገ ደቦ አለኝ፤ ማጭድህን ይዘህ ና» ሲለው፣ ከሰንበቴው ተራ ሲደርሰው፣ በሽምግልና ቃሉ ሲሰማ ነው። ይህን የሚያደርገው መርፌ ሳይሆን ጎረቤት ነው። ስለሆነም የሙያው ሰው ሥራ ከክፍሉ በር ላይ አያበቃም። «እብድ» የሚለውን ቃል ከመዝገቡና ከአንደበቱ ያወጣል፤ ያሰረውን አባት ሳይወቅስ ገመዱ ስለሚፈታበት መንገድ ያማክራል፤ ቄሱን፣ ሼኩንና የደቦውን አባት ያነጋግራል። ገመዱን መፍታት የመጀመሪያው ነው፤ በተፈታው እጅ ላይ ማጭድ ማስያዝ ግን ፍጻሜው ነው።