በእግር ስለሚጀመር በረራ

(በተማሪዎች ማኅበር የሐሙስ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን ከመካከላችን አራት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ያገለገለ የፓራሞተር ሞተር ለመግዛት መነሣታቸውን፤ ለትንሣኤ በዓልም ከኮልፌ ሜዳ ተነሥተው ለመብረር ማሰባቸውን ነግረውናል። ጭብጨባው ብዙ ነበር። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ነገር ግን ቤቴ ገብቼ ሳስበው፤ ክንፉ የእኔ ነውና፤ ዝም ማለቱ አላስቻለኝም። (የአጎቴ ልጅ ከውጭ አገር ሲመለስ ያመጣልኝ ነው።) ዛሬ እዚህ የቆምሁት ሞተሩ አሁን አይገዛ ለማለት ነው። ፈሪ የሚለኝ ቢኖር እስክጨርስ ይታገሠኝ።

ፓራሞተርን አይተው ለማያውቁ ባጭሩ ልናገር። ከናይሎን ጨርቅ የተሰፋ ሰፊ ክንፍ፤ ከክንፉ የሚወርዱ ብዙ ቀጫጭን ገመዶች፤ በራሪው የሚታጠቀው መቀመጫ፤ በጀርባው የሚያዝለው ባለ ፕሮፔለር ትንሽ ሞተር፤ በቃ ይኸው ነው። ሞተሩ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ይመዝናል፤ ማለት ሩብ ኩንታል ጤፍና ከዚያም በላይ ተሸክሞ እንደ መሮጥ ነው። ጎማ የለውም፤ ጎማው የሰውየው እግር ነው። በእንግሊዝና በፈረንሳይ የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ሲሆን፤ ሰውን ከሚያበሩ ባለ ሞተር መሣሪያዎች ሁሉ ቀላሉና ርካሹ ነው ይባላል። እውነት ነው። አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ቅለት ነው፤ ማንም ሰው ዛሬ ገዝቶ ነገ ልሞክረው ሊል ይችላልና።

እኛ የኮልፌ ልጆች ለበረራ ታሪክ እንግዶች አይደለንም። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የመጀመሪያው አውሮፕላን፤ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ከጅቡቲ ያበረረው ፖቴዝ 25፤ ያረፈው ከሰፈራችን በስተ ምዕራብ ባለው በገፈርሳ ሜዳ ነው። በ1923 ዓ.ም. ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ከአስተማሪ ሥር ተቀምጠው ተምረው የአብራሪነት ፈቃድ ወረቀት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ጥቅምት፤ ከንግሥ በዓሉ በፊት፤ በዣንጥላ ዝላዩ ዝናው የገነነው ሁበርት ጁልየን የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን አስነሥቶ ባሕር ዛፍ ላይ ጣለው። ነፍሱ ተረፈች፤ አውሮፕላኑ ግን ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ እርሱም ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ጁልየን ድፍረት አልጐደለውም። ጀማሪም አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እርሱም የአየራችን ጉዳይ ነው። በሰፈራችን አየር ጤና የሚባል ቦታ አለ፤ ስሙ ለሳንባ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለክንፍ ግን አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ወደ እንጦጦ በኩል ያለው የኮልፌ ዳገት ከዚህም ይበልጣል። ቀኑ ሲሞቅ እዚህ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ የሚደገፈው በአየር ነውና፤ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ሰው ለመሸከም ከመቶ 15 እጅ ያህል ፈጥኖ መሄድ አለበት። በባሕር ጠረፍ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሰውን የሚያነሣ ክንፍ፤ እዚህ ወደ 28 ይጠይቃል። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ይህ ማለት መቶ ሜትርን በ15 ሰከንድ ይሮጥ የነበረው ሰው በ13 ሰከንድ መሮጥ አለበት ማለት ነው፤ ያውም ሩብ ኩንታሉን አዝሎ!

ሞተሩ ይገፋው የለም እንዴ ትሉኝ ይሆናል። ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ነው፤ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ካርቡሬተሩ በዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ በዝቶበት ይታፈናል። እዚህ አስተካክለነው ወደ መተሐራ ብንወርድ፤ መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ናትና፤ በተገላቢጦሹ ቤንዚን አንሶት ፒስተኑ ይነክሳል። የቦሌ ማኮብኮቢያ ከ3 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ የረዘመው ያለ ነገር አይደለም። ጓደኞቻችን ያነበቧቸው የመማሪያ መጻሕፍት ግን የተጻፉት በአብዛኛው ለቆላ ሜዳ ነው። ማረፉም እንደ መነሣቱ ነው፤ በዚያው መጠን ፈጥነን ወደ መሬት እንመጣለን፤ የሚቀበለንም ጉልበታችን ነው።

እንግዲህ ስለ ራሴ ልናገር። ባለፈው ዓመት በየካቲት፤ ነፋሱ በሚያይልበት ወር፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ክንፉን ብቻዬን ወደ እግር ኳስ ሜዳ ይዤ ወጣሁ። ሞተር አልነበረኝም። መብረርም አላሰብሁም፤ ከራሴ በላይ ላቆመው ብቻ ነበር። ክንፉ ባንድ ጊዜ ተነሥቶ እኔንም እስከ ጐሉ አግዳሚ ድረስ አነሣኝና ለቀቀኝ፤ ከዚያም እስከ ቦዩ ድረስ ጐተተኝ። ማድረግ የነበረብኝ ወደ ክንፉ እየሮጥሁ ያንዱን ጐን የፍሬን ገመድ በእጄ እየጠቀለልሁ መሳብ ነበር፤ ያን ጊዜ ክንፉ ይሞታል። እኔ ግን እንደ በቅሎ ልጓም ሁለቱንም ይዤ ወደ ኋላ ታገልሁት። ክንዴ ተሰበረ። እናቴ ወጌሻ ስትል አባቴ ሐኪም ቤት ሲል፤ ጎረቤታችን እማማ ደግሞ «ልጄ፤ እግዜር ብትበር ቢፈልግ ክንፉን ከጀርባህ ያበቅልልህ ነበር» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ባወቀ ሰው እጅ ስማር የገባኝ፤ የዚህ ሙያ ግማሹ የሚያልቀው በመሬት ላይ መሆኑ ነው። ጀማሪ ለሳምንታት ክንፉን ማንሣት፤ ማቆም፤ መጣል ይማራል፤ ነፋስ ሲኖር ፊቱን ወደ ክንፉ አዙሮ፤ ነፋስ ሳይኖር ወደ ፊት ሮጦ። ቀጥሎ በአስተማሪ ፊት በሬዲዮ እየተመራ ያለ ሞተር ከትንሽ ኮረብታ ይንሸራተታል። ከዚያ ሞተሩን አዝሎ መሬት ሳይለቅ ይሮጣል። የመጀመሪያው በረራ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን ጀማሪ ሁለት ጥፋት ይወዳል። አንደኛው እግሩ ገና መሬት ሳይለቅ መቀመጥ ነው፤ ይወድቃል፤ ፕሮፔለሩም ይሰበራል። ሁለተኛው ሲደነግጥ ሁለቱንም ፍሬን እስከ ታች መሳብ ነው። ፍሬን በመኪና ያድናል፤ በክንፍ ግን ሲበዛ ክንፉ መብረሩን ትቶ ይወድቃል። ስለ ፕሮፔለሩ የምለው ትንሽ ነው፤ ሞተር በሚነሣበት ጊዜ እጁን ያስጠጋ ሰው ጣቱን ለማጣት መብረር አያስፈልገውም።

ኮልፌ ቀራንዮ ራሱ ቦታው ነውን? አይደለም። ሞተር ቢጠፋ ክንፉ እንደ ድንጋይ አይወድቅም፤ ከ100 ሜትር ከፍታ 500 ሜትር ያህል ወደ ፊት ሊወስደን ይችላል። ግን ወዴት? ከታቻችን አጠና ተራ አለ፤ ገበያው አለ፤ ትምህርት ቤቱ፤ የመብራት ሽቦው። ወደ ምዕራብ ብንሸሽ የገፈርሳ ውሃ ማጠራቀሚያ ይጠብቀናል፤ ሞተር ታጥቆ ውሃ የገባ ሰው መዋኘት ቢያውቅም አይረዳው። ረፋድ ላይ በረጲ ሰማይ የሚዞሩትን አሞሮች ተመልከቱ፤ ክንፋቸውን ሳያራግቡ ከፍ ይላሉ። የሚያነሣቸው የሞቀ አየር ነው፤ ለአሞራ ሲሳይ ነው፤ ለጀማሪ ግን ክንፍ የሚያጥፍ ነው። ስለዚህ የጀማሪ ሰዓት ማለዳ ነው፤ የየቤቱ ጢስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ። በባሕር ዛፍ ረድፍና በፎቅ ጀርባ ያለውን የሚሽከረከር ነፋስ ግን ማለዳም ቢሆን አትመኑት። በዚህ ላይ ያለ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ በከተማው ሰማይ መውጣት ክልክል ነው፤ የቦሌ አውሮፕላኖችም በዚሁ ሰማይ ያልፋሉ።

ከጓደኞቻችን አንዱ «ታዲያ ማን ያስተምረን? አስተማሪ እስኪመጣ አርጅተን እንቀር?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ቅሬታውም የእኔ ነው። የማቀርበው ሐሳብ ይኸውና። የተዋጣው ገንዘብ ለሞተር ሳይሆን ከመካከላችን አንድ ሰው በደንብ ተምሮ እንዲመለስ፤ ወይም ፈቃድ ያለው አስተማሪ ለጥቂት ሳምንታት እንዲመጣልን ይዋል። ትምህርቱም ፈቃድ ተጠይቆ ዝቅ ባለ ሰፊ ሜዳ፤ በስምጥ ሸለቆ በኩል ይሁን። ገንዘቡ ካልበቃ ሌላ ዓመት እናዋጣ። ለትንሣኤ አንበርም። ይህን ስል እኔም ከማናችሁም ያላነሰ ቅር እያለኝ ነው።

እስከዚያው ክንፉን ለማኅበሩ አውሼአለሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በዚያው እግር ኳስ ሜዳ እንገናኛለን፤ ነፋስ ካለ ክንፉ ከከረጢቱ አይወጣም፤ ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን። የሚመጣ ሁሉ ጓንት፤ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና የሞተር ብስክሌት ሄልሜት ይዞ ይምጣ። ሄልሜት የሌለው ገመድ ይይዝልናል።